የከንፈር ወሬ

ውድ መቀስ፣

ደብዳቤ ሲጀመር ስለ ጤና ይጠየቃል። እኔ ግን አልጠይቅሽም፤ ተናድጄብሻለሁ። ለነገሩ ደህና መሆንሽን ሰምቻለሁ። ጥጥ የሚያመላልሰው ሹፌር፣ ያ ሲጋራውን ጆሮው ላይ ሰክቶ የሚዞረው፣ በእናንተ ከተማ በኩል ሲያልፍ አይቶሽ መጣ። ገበያው ዳር ክርና መርፌ፣ ዚፕና ላስቲክ ዘርግተሽ ትሸጫለሽ አሉ። "ትንሽ ወፈር ብላለች፤ ፊቷም ወዝ ወዝ ብሏል" አለኝ። እንዴት ደስ እንዳለኝ አትጠይቂኝ። የምሳ ዕቃዬን መሬት ላይ አስቀምጬ በሁለት እጄ ክንዱን ያዝኩት። "ታዲያ ምን አለችህ? ስለኔ ጠየቀችህ?"

ፊቱን አጨፈገገ። ከመኪናው ወርዶ፣ ከኋላሽ በኩል መጥቶ፣ አንዴ በስምሽ አንዴ "መቀስ" እያለ ሲጣራ ሲጣራ ጉሮሮው ነቃ። "ጆሮ ዳባ ልበስ አለችኝ" አለ። "ገበያተኛው ሁሉ ዞሮ አየኝ፤ እሷ ክሯን ማጠቅለሏን ቀጠለች። ኮርታለች እህቴ። ነጋዴ ከሆነች ወዲህ የፋብሪካ ሰው አይታያትም። እኔም አፍንጫዋን ትላስ ብዬ መኪናዬን አስነሳሁ።"

ቆሽቴ አረረ። መጀመሪያ እሱን ውሸታም አልኩት። ቤት ገብቼ ነገሩን ሳወጣው ሳወርደው ግን ንዴቴ ወዳንቺ ዞረ። ከሄድሽ በኋላ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ትጽፊልኝ ነበር፤ ከዚያ በሰው በኩል ሰላምታ ብቻ መጣ፤ ከዚያ እሱም ቀረ። ጆሮሽ ደግሞ መርፌ ሲወድቅ የሚሰማ እንደነበር እኔ ምስክር ነኝ። እንግዲያው ሰምተሽው ነው ዝም ያልሽው ብዬ ደመደምኩ። እኔን ብትረሺ ይሁን፣ ሰው ይረሳል። እንዴት በእኛ ላይ ትኮሪያለሽ?

እኔ አሁንም እዚያችው ክፍል ውስጥ ነኝ። አልጋሽ እዚያው ግድግዳው ሥር አለ፤ የታጠበ ልብስ አጣጥፌ አስቀምጥበታለሁ። አከራያችን "አውጪውና ክፍሉ ይስፋልሽ" ትለኛለች፤ ምን ይሠራልኛል ስፋት? የጠዋቱ ፈረቃ ማሽኖቹን ሲያስነሳ ድምፁን አልሰማውም፤ በእግሬ ነው የማውቀው፤ ወለሉ ይንቀጠቀጣል። ጆሮዬ ያኔም ደካማ ነበር፣ አሁን ጨርሶ ሄዷል። ስናገር እጮሃለሁ፤ ሲነግሩኝ "ምን? ምን?" እላለሁ፤ ሰው ደግሞ ይሰለቻል። አልፈርድባቸውም። ብቻ ሆዴን ባር ባር ይለዋል። አንዳንዴ እራቴን እየበላሁ ወደ አልጋሽ ዞሬ በከንፈሬ አወራለሁ። እብድ አለመሆኔን የማውቀው ልብሱ መልስ እንደማይሰጠኝ ስለማውቅ ነው።

አዲስ የገባሁ ሰሞን መጀመሪያ ያስተማርሽኝ ሽመና አልነበረም። አስታወስሽ? የተበጠሰ ድር ላሳይሽ ፈልጌ ትከሻሽን ከኋላ ነካሁሽ። ደንግጠሽ ዘለልሽ፤ እጅሽ መወርወሪያው በሚሮጥበት መንገድ ላይ ሊገባ ለጥቂት ተረፈ። በዓይንሽ ልትበዪኝ ደረስሽ። ከዚያ እጄን ይዘሽ በማሽኑ ዙሪያ አዞርሽኝና ፊት ለፊትሽ አቆምሽኝ። "ሰው የሚጠራው ከዚህ ነው" አልሽኝ በከንፈርሽ። በዚያ ሁሉ ጩኸት ውስጥ አንዲት ቃል ሳትጠፋብኝ አነበብኩሽ። የአዳራሹ ሕግ ይኸው ነበር። ከኋላ አይነካም፣ ከኋላ አይጠራም፤ ዞረሽ ፊቷ ትቆሚያለሽ፣ ቀና እስክትልልሽ ትጠብቂያለሽ።

በሳምንት ውስጥ እንደናንተው ሆንኩ። ስለ ፎርማኑ ስናወራ ሁለት ጣት ከንፈር ላይ፣ ስለ ሥራ አስኪያጁ ስናወራ መዳፍ ሆድ ላይ። ጨዋታው ሁሉ በከንፈርና በጣት ነበር፤ የባል ሐሜት፣ የልጅ ትኩሳት፣ የጎረቤት ጠብ። ያኮረፈች ፊቷን ታዞራለች፤ አለቀ፣ ወሬው ተዘጋ። ፎርማኑን "ፉጨት" ያልነው ፊሽካውን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ስለሚዞር ነው። ሲነፋው ደግሞ ማንም አይሰማውም፤ ጉንጩ ሲያብጥ ብቻ እናያለን። አንቺን "መቀስ" ያሉሽ የክር መቁረጫዋን ከአንገትሽ ስለማታወልቂ ብቻ አይደለም፤ የሰው ወሬ መሃል ላይ ስለምትቆርጪ ነው። እኔን "ደወል" ያላችሁኝ ከበሩ ውጭ ሳወራ መንገደኛው ሁሉ ስለሚዞር ነው። አፍሬ ነበር፤ አንቺ "ተይ፣ አንድ ቀን ይጠቅመናል" አልሽኝ።

ከዚያ የቁልፉ ነገር መጣ። የሽንት ቤቱን ቁልፍ ፉጨት ቀበቶው ላይ አስሮ መስታወት ባለው ክፍሉ ውስጥ ይቀመጥ ነበር። መሄድ የፈለገች መስታወቱ ፊት እጇን አንስታ ትቆማለች፤ እሱ ሻዩን ሲጨርስ ይነሳል። አንድ ቀን ያቺ ከረድፋችን የነበረችው ነፍሰ ጡር ቆማ፣ ቆማ፣ እሱ ስኒውን አንስቶ ሲያስቀምጥ፣ መሬቱ ላይ የሆነው ሆነ። ራሷ እንድትወለውለው አደረጋት። ሆዷን ደግፋ ስትንበረከክ ማናችንም አላወራንም፤ ከንፈሩ የተንቀሳቀሰ ሰው አልነበረም። አንቺ ግን መቀስሽን በጥርስሽ ነክሰሽ ቆመሽ አየሁሽ። ያን ቀን አንድ ነገር እንደምታመጪ ገብቶኝ ነበር።

የወንዶቹ ሠራተኛ ማኅበር ያኔ ገና ዳዴ እያለ ነው። ከፈረቃ በኋላ መካኒኮቹ ክፍል ውስጥ ይሰበሰባሉ። እኔን አስከትለሽ ገባሽና ስለ ቁልፉ ተናገርሽ። ሊቀመንበሩ መካኒክ እጁን በጨርቅ እየጠረገ "እህቴ፣ እኛ እዚህ ስለ ደመወዝና ስለ ሥራ ሰዓት ነው የምንመክረው። የሽንት ቤት ቁልፍ ቃለ ጉባኤ ላይ ይጻፍ?" አለሽ።

"አንተ ሽንትህ ሲመጣ ማንን ነው የምታስፈቅደው?" አልሽው።

የማቅለሚያ ክፍሉ ሰውዬ፣ ያ ክንዱ እስከ ክርኑ ሰማያዊ የሆነው፣ በሳቅ ፈረሰ። ሊቀመንበሩ አልሳቀም። "እሺ፣ ሌሎቹ ሴቶች የታሉ? ሁለት ሰው ይዤ ሥራ አስኪያጁ ፊት አልቀርብም" አለ። ሌሎቹማ የት እንዳሉ እናውቃለን። አንዷ ልጇን ከጎረቤት ልትወስድ ሮጣለች፣ አንዷ ምድጃ እያቀጣጠለች ነው፣ አንዷን ባሏ በር ላይ ቆሞ ይጠብቃታል። ተመልሰን በር ላይ ስንደርስ "ሴቶቹ ወደ ስብሰባው መምጣት ካልቻሉ ስብሰባው ወደ ሴቶቹ ይሄዳል" አልሽ።

እንዲህም አደረግሽ። በጠራራ ቀን፣ ማሽኖቹ እየጮኹ፣ ፉጨት በመስታወቱ እያየን፣ ሠራተኛ ማኅበር አቋቋምሽ። በአንደኛው ረድፍ ያለችው ለሁለተኛዋ፣ ሁለተኛዋ ለሦስተኛዋ፣ ነገሩ በከንፈር አዳራሹን ዞሮ ይመለሳል። የምትቃወም ካለች ተቃውሞዋ በዚያው መንገድ ይመጣል፤ አንዷ ባሏን ፈራች፣ አንዷ ፉጨትን ፈራች፣ አንዷ ደግሞ አንቺ ስለ ባሏ የሆነ ቀን የተናገርሽውን አልረሳችም፤ ለእሷ ይቅርታ ጠየቅሽ፣ ያውም በሁለት ማሽን መሃል። ማሽን ለማቆም የተስማማች ቀይ ክር ጣቷ ላይ ታስራለች ተባለ። ፉጨት ክሩን አየና የነፍሰ ጡሯን እጅ ይዞ "ይህ ምንድን ነው?" አላት። "ኪንታሮት እንዲረግፍ ያሰርኩት ነው፣ ተላላፊ ነው" ብላ እጇን ፊቱ ላይ ዘረጋችለት። ከዚያ ወዲያ ከማንም ጣት አጠገብ አልደረሰም። በዚያ ሰሞን እንደሳቅነው ከዚያ በኋላ ስቄ አላውቅም።

ቀኑ ሲደርስ ምልክታችን የፉጨት ስኒ ነበር። ነፍሰ ጡሯ መስታወቱ ፊት እጇን አንስታ ቆመች። እሱ አያትና ስኒውን አነሳ። አንቺ ማሽንሽን አጠፋሽ፤ ከዚያ እኔ፣ ከዚያ ረድፉ ሁሉ። ወለሉ መንቀጥቀጡን አቆመ። ሥራ አስኪያጁ ከቢሮው እየሮጠ መጣ፤ "ምንድን ነው የምትፈልጉት?" አለ። አንቺ ፊት ወጥተሽ ተናገርሽ። ጥርት አድርጌ አነበብኩሽ። ከኋላሽ ያሉትም እየደጋገሙ ይናገሩ ነበር። ለኔ ሁሉም ነገር እንደ ወትሮው ነው። የሰውዬው ፊት ግን ግራ ተጋባ፤ አንዷን ያያል፣ ሌላዋን ያያል፤ ከዚያ "ዱዳ ናችሁ እንዴ?" አለ፤ ፉጨትም ጥርሱን አሳየ።

ያን ጊዜ ገባኝ። በዚያ አዳራሽ ውስጥ አንድም ቀን በድምፅ ተናግረን አናውቅም። ማሽኖቹ ሲቆሙ ድምፃችንን ማውጣት እንዳለብን ማንም ትዝ አላላትም፣ አንቺንም ጭምር። ይህን ሁሉ አቅደሽ፣ ይቺን አንዷን ብቻ ረሳሻት። አዳራሽ ሙሉ ሴት በጸጥታ አፏን ትከፍታለች፣ ትዘጋለች። እኔ ዓይኔን ከከንፈርሽ ላይ ሳልነቅል ያልሽውን አንድ በአንድ ጮኼ ደገምኩት። ቁልፉ በሩ ላይ ይሰቀል። ማንም ማንንም አያስፈቅድ። መሬቱን ያስወለወላትን ሴት ይቅርታ ይጠይቅ። ድምፄ ጣሪያውን መትቶ ይመለስ እንደነበር በኋላ ነግራችሁኛል።

ሥራ አስኪያጁ ጣቱን ወደኔ ቀሰረ። "ይቺን ማን ነው ያስተማራት? ከዛሬ ጀምሮ ይህን በር እንዳትረግጥ።" አንቺ በመሃላችን ገባሽ። አሁን ድምፅሽ መጥቶልሽ ነበር። "ደንቆሮ ናት፤ ምንም አትሰማም። የኔን ከንፈር እያየች ነው የደገመችው። ተናጋሪዋ እኔ ነኝ" አልሽው።

መቀስዬ፣ ይህን እስከ ዛሬ አልነገርኩሽም። እንጀራዬን ያተረፍሽልኝ በዚያች ቃል መሆኑን አውቃለሁ። ግን ያቺ ቃል በሰው ሁሉ ፊት ስትነገርብኝ የመጀመሪያዋ ነበረች፤ የተናገርሻት ደግሞ አንቺ። ለስለስ ያለ ቃል እንኳ አልፈለግሽም፣ "ጆሮዋን ትንሽ ያማታል" እንኳ አላልሽም። አመስግኜሽ ሳልጨርስ አዘንኩብሽ። ሁለቱም አንድ ላይ ሆዴ ውስጥ ተቀምጠው ኖሩ።

ቁልፉን ሰጡን፣ አንቺን ወሰዱብን፤ ከሥራ ተባረርሽ። ቁልፉ በሩ አጠገብ ምስማር ላይ ተሰቀለ። ሊቀመንበሩም ሴቶቹ አዳራሹን በሙሉ ማቆም መቻላቸውን ሲያይ በኮሚቴው ውስጥ ለሴቶች አንድ ወንበር ይኑር አለ። ወንበሩ ያንቺ ነበር፤ አንቺ ስትባረሪ ለኔ ተላለፈ። አንቺ ግን በየፋብሪካው በር ስምሽ እየቀደመሽ ሥራ አጣሽ፤ እህትሽ ዘንድ ለመሄድም ተነሳሽ። አውቶቡሱ ውስጥ ያለው ሰው በመስኮት ከሸኚው ጋር ይጯጯሃል፤ አንቺና እኔ መስታወቱ ተዘግቶ በሰላም አወራን። "ወንበሩን እንዳትለቂ" አልሽኝ። "በምን ጆሮዬ?" አልኩሽ። "በዓይንሽ" አልሽኝ። አውቶቡሱ እስኪታጠፍ ፊትሽን አላዞርሽም።

እስከዚህ ጽፌ ትቼው ነበር። ቀሪውን ስድብ ለነገ ብዬ ነው ያሳደርኩት። ከዚያ ስብሰባው መጣና ነገሩን ሁሉ ገለባበጠው።

እስከዚያ ቀን ድረስ ስብሰባው ላይ እንዴት እንደምቀመጥ ልንገርሽ። ሊቀመንበሩ አቀርቅሮ ወረቀቱን እያነበበ ይናገራል፤ አንዱ አፉን በእጁ ይሸፍናል፤ አንዱ ወደ መስኮቱ ዞሮ ያወራል። እኔ ሌሎቹ ሲስቁ እስቃለሁ፣ እጅ ሲያነሱ አይቼ አነሳለሁ። እንዳልሰማ ያውቃሉ፤ ምን ያህል እንዳልሰማ ግን አያውቁም፣ እኔም ደብቄ ነው የኖርኩት። የሴቶቹን ጉዳይ ስናገር ብቻ ነው ሰው የምሆነው። ከዚያ እንደገና ብቻዬን እቀመጣለሁ።

ሐሙስ ዕለት ሁሉም አዩኝ። የሆነ ነገር ስለኔ እየተባለ እንደሆነ ከዓይናቸው አወቅኩ። ሊቀመንበሩ ቀና አለና "እህታችን ደክማለች፤ ዕረፍት ይገባታል። ወንበሩን ለጊዜው የማቅለሚያ ክፍሉ ወንድማችን ይያዝላት" አለ። የሴቶቹን ወንበር! የማቅለሚያው ሰውዬ ጣቱን ወደኔ ቀስሮ ስለነበር የተናገረውን ሁሉ አነበብኩ። "ዕረፍት ብቻ አይደለም" አለ። "ከኋላዋ ብጠራት፣ ብጠራት፣ ጥላኝ ሄደች። ጆሮ ዳባ ልበስ ነው ያለችኝ። ወንበር ላይ ከወጣች ወዲህ ኮርታለች።"

ልስቅ ነበር። እኔ? ኮርቼ? ከዚያ ሳቁን ተውኩት። የሹፌሩ ቃል ነው፣ አንድ ሳይቀር። ከኋላዋ ጠራኋት፣ አልዞረችም፣ ኮርታለች። ያን ሁሉ ዓመት ከኔ ጎን በዚያው ማሽን ላይ ቆመሽ ነበር እኮ። ወደ ኋላ ሳስበው በመጨረሻው ሰሞን ከበሩ ውጭም ስናወራ ከንፈሬን ታዪ ነበር፤ ልማድ ነው ብዬ አልፌዋለሁ። ጠረጴዛው፣ ሰዎቹ፣ ሁሉም ጠፍተውብኝ ገበያው ዳር ክርሽን ስታጠቀልዪ ብቻ ታየሽኝ። ያንቺም ጆሮ ሄዷል።

ተነሳሁ። "አልኮራሁም" አልኩ። "ደንቆሮ ነኝ። ምንም አልሰማም፤ እናንተ የምትሉትንም ሰምቼ አላውቅም።" ያቺን ቃል ራሴ ተናገርኳት፤ ከአፌ ስትወጣ እንደፈራኋት አልከበደችም። "እዚያ አዳራሽ ውስጥ ያሉት ሴቶች ሁሉ ነገ እንደኔ ናቸው፤ አንዳንዶቹ ዛሬም ናቸው፣ አፍረው ነው። ትናንት ቁልፍ ነበር፣ አሁን ጆሮ ነው፤ ቃለ ጉባኤው ላይ ይጻፍልኝ። ወንበሩን የሚፈልግ ደግሞ ዞሮ መጥቶ ፊቴ ቆሞ ይጠይቀኝ።" ስንት ቤት ድረስ እንደተሰማ እግዜር ይወቀው።

አላጨበጨቡም፤ ማጨብጨብ የሚያምርበት ነገርም አልነበረም። የማቅለሚያው ሰውዬ ሰማያዊ እጁን አሻሸ። ከዚያ ተነስቶ፣ ጠረጴዛውን ዞሮ፣ ፊቴ መጥቶ ቆመ። ወንበሩን የሚጠይቀኝ መስሎኝ ነበር። "አላወቅኩም" አለኝ፣ አፉን በደንብ ከፍቶ። ሊቀመንበሩም ወረቀቱን አስቀመጠ። ከሚቀጥለው ስብሰባ ጀምሮ ነፍሰ ጡሯ ፊት ለፊቴ ተቀምጣ የሚባለውን ሁሉ በከንፈሯ ልትነግረኝ ተስማምታለች። ያኔ የተሸከመችው ልጅ ጢም አብቅሏል፤ እኛ ግን ዛሬም ነፍሰ ጡሯ ነው የምንላት፤ በስሟ ብንጠራት ራሷም የምትዞር አይመስለኝም።

ወንበሩ ስለዚህ እኔው ጋ ነው። ቃሌን ጠብቄያለሁ።

አሁን ያንቺን ንገሪኝ። እኔ እንኳ እዚህ አዳራሽ ሙሉ በከንፈር የሚያናግረኝ ሰው አለኝ፤ ማታ ማታ ነው ብቻዬን የምሆነው። አንቺ ባለሽበት ከተማ ከንፈር የሚያነብ፣ ከንፈሩን የሚያስነብብ ማን አለ? እህትሽ ወጥ እያማሰለች ስታወራሽ ጀርባዋን ነው የምታዪው? ገበያተኛው ዋጋ ሲጠይቅሽ አቀርቅሮ ክሩን እያየ ነው? ኮርታለች እያሉ ስንቶቹ ትተውሽ ሄዱ? መጻፍ ያቆምሽውስ ለዚህ ነው፣ ለኔ ጽፈሽ ይህን አንድ ነገር መደበቅ ስላቃተሽ? እኔን በዚያች ቃል ጠርተሽ ራስሽን ለመጥራት አፈርሽ መሰለኝ። ከላይ የጻፍኩትን ቁጣ ልቀደው አስቤ ተውኩት። አንብቢውና ሳቂብኝ፤ እሷም ሹፌሩን አምና ነበር በይ።

ሹፌሩ በሚቀጥለው ጉዞው ከጎኑ ሊያስቀምጠኝ ተስማምቷል። ለእሱም ነገሩን አስረድቼዋለሁ፤ ሲጋራውን ከጆሮው ላይ አውርዶ ኪሱ ከተተው። አልጋሽ ላይ ያለውን ልብስ አንስቻለሁ። ብትመጪ ትመጫለሽ፤ ባትመጪ አንድ ቀን ሙሉ ገበያው ዳር አብሬሽ ተቀምጬ፣ ሰው እስኪገርመው፣ ድምፅ ሳናወጣ ስንሳሳቅ ዋልን ማለት ነው።

አንቺ ክርሽን ከማጠቅለል አትቦዝኚ። ከኋላሽ አልጠራሽም። ዞሬ እመጣለሁ፤ ጥላዬ ክርሽ ላይ ሲያርፍ ቀና በይ።

ፊት ለፊትሽ የምቆመው፣
ያንቺው ደወል